የእግር ልክ

ኒው ዴልሂ፤ ጥር 3 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለሙሉመቤት ወልደገብርኤል፤

ይህ ወረቀት በደህና ያግኝሽ። እኔ ከታኅሣሥ ጀምሮ ከያዘኝ ሳል በቀር ደህና ነኝ፤ እናንተን ሳስብ ከማደር በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም። ልጄን አምሳሉን ጉንጩን ሳሚልኝ። ሃያ ዓመት ሞልቶኛል ብሎ ካፈረ በግድ ሳሚው። ለጎረቤታችን ለእትዬ ወለተሰንበትና ለባቡር ሠራተኛው ለቱሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ሳምንት ሥራህን አስረክበህ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አገር ግባ የሚል ቴሌግራም ደርሶኛል። አንድ መስመር ናት። ከነጻነት በኋላ መዝገብና ማኅተም ተሸክመን ወደ ውጭ ከወጣነው የመጀመሪያዎቹ የኤምባሲ ጸሐፊዎች መካከል ዛሬ በሥራ ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሌሎቹ ወይ ታስረዋል፣ ወይ ተቀብረዋል፣ ወይ በሰው አገር የሰው በር ይጠብቃሉ። ሠላሳ ዓመት ላገለገለ ሰው «እናመሰግናለን» የምትል አንዲት ቃል ቢጨምሩለት መንግሥት አይደኸይም ነበር። ተቆጥቼ ሁለት ቀን ምግብ አልበላሁም፤ በሦስተኛው ቀን ራበኝና በላሁ።

አንድ ህንዳዊ ወዳጅ አለኝ። አገራችን አሥር ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው፤ ዛሬም ሽሮ ሲያስብ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እዚሁ ልቅር ካልክ ከቤቴ አንድ ክፍል እሰጥሃለሁ፣ ከማስተምርበት ኮሌጅም ሥራ አላጣልህም ብሎኛል። ስለዚህ ምርጫው በእጄ ነው፤ እጄ ግን ልጄን ሳያይ አይፈርምም። ከቀረሁ አምሳሉ እዚህ መጥቶ እንዲማር የትምህርት ወረቀቶቹን ላኪልኝ። መምጣት አለብህ የምትይ ከሆነም እመጣለሁ። በዓይንሽ ያየሽውን ጻፊልኝ።

ደግሞ የአባባን ነገር አትርሺ። ካይሮ ሳለሁ አባባ ካረፉ በኋላ አሥራ አራት ወር ሙሉ «ደህና ናቸው፣ እጅ ይነሳሉ» እያላችሁ ጻፋችሁልኝ። እኔም ለሞተ ሰው ደብዳቤ ስጽፍ ከረምኩ። ጥሩ ከዘራ ገዝቼላቸው መጣሁ፤ በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በሩን ሲያንኳኩ ከዘራው ገና ከወረቀቱ አልወጣም ነበር። ያን ጊዜ ምን ብዬ እንዳስማልኩሽ ታስታውሻለሽ።

ወንድምሽ በድሉ

ልደታ፣ አዲስ አበባ፤ የካቲት 14 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለክቡር ወንድሜ ለጋሼ በድሉ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የልደታዋ እመቤት ከክፉ ትሰውርዎ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አምሳሉም ደህና ነው፤ እጅ ይነሳል። እትዬ ወለተሰንበትም ቱሉም ደህና ናቸው።

መልሴ የዘገየው ሱቁ ሥራ በዝቶበት ነው። የክርና የቁልፍ ሱቅ እንዲህ ገበያ ይቀናዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በተለይ ጥቁር ክር እየመጣ አያድርም። ገዢዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁኝ፤ እኔም ዝቅ አድርጌ ዋጋውን እነግራቸዋለሁ።

ህንዳዊው ወዳጅዎ ደግ ሰው ይመስላል። የደግን ሰው እጅ መግፋት ደግሞ ነውር ነው። የዚያ አገር ሙቀት ለሳልዎ ይስማማል፤ የእኛ ከተማ ዘንድሮ ብርዱ ጠንቷል። አምሳሉ ለጊዜው ከከተማ ወጣ ብሏል፤ የትምህርት ወረቀቶቹን ሲመለስ እልክልዎታለሁ። ለእሱ ብለው እንዳይቸኩሉ። ባለፈው የጠየቅኩዎትን የአስም መድኃኒትም ይተዉት፤ ተሽሎኛል።

እኅትዎ ሙሉመቤት

ልደታ፤ የካቲት 14 ቀን 1969 ዓ.ም.
(ተጽፎ ያልተላከ)

ጋሼ፤

ዛሬ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱን ፖስታ ቤት አስገብቼ መጣሁ። ይኸኛው ከቁልፎቹ ሣጥን ሥር ይቀመጣል፤ ምክንያቱም የሚናገረው እውነት ነው።

አምሳሉ የለም። የካቲት 2 ቀን ሜክሲኮ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወሰዱት። ወረቀት ሲበትኑ ነበር አሉ። የካቲት 5 ቀን ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስሄድ ከፍርድ ቤቱ በታች ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ሦስት ሆነው ተጋድመው ነበር፤ ደረታቸው ላይ ጽሑፍ ለጥፈውባቸዋል። ጽሑፉን አላነበብኩትም። እግሩን ነው ያየሁት። ጫማ አልነበረውም፤ ካልሲውም አንዱ ብቻ ነበር፤ እኔ የጠቀምኩት ግራጫው።

አንዱ ወታደር ዓይኔን አይቶ፣ «ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩት።

እንዲህ አልኩ፣ ጋሼ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያሳደግኩትን፣ እናቱ ስትሞት ለእኔ የተሰጠኝን ልጅ አላውቀውም አልኩ። አውቀዋለሁ ያለች እናት እዚያው ጎኑ ስትወድቅ በዚያው ሳምንት አይቼ ነበር። ፈራሁ። ሱቄን ከፈትኩና ለአንዲት ሴትዮ ስድስት ነጭ ቁልፍ ሸጥኩላት። ማታ የጭነት መኪና መጥቶ ወሰዳቸው፤ የት እንደሆነ የነገረን የለም። ማልቀስ ክልክል ነው፤ ጥቁር መልበስም። እትዬ ወለተሰንበት በሩን ዘግተን ትራስ ነክሰን እንድናለቅስ አደረጉ።

ከዚያ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ። «ጉንጩን ሳሚልኝ» ይላል። ልጻፍልዎ ብዬ ተቀመጥኩ። እትዬ ወለተሰንበት ብዕሩን ከእጄ ወሰዱት። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ በቃል፣ በማለዳ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ባለበት ነው፤ ሰው በሌለበት አገር ወንድምሽን በወረቀት ልትገድዪው ነው ወይ አሉኝ። መሐላዬን አላወቁም። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ብዕሩን ሲወስዱት ደስ አለኝ። መርዶውን ብጽፍ «አላውቀውም» ማለቴንም መጻፍ ነበረብኝ።

ኒው ዴልሂ፤ መጋቢት 2 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለሙሉመቤት፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ሳሉ ለቆኛል፤ ለአምላክ ምስጋና ይግባው። ደብዳቤሽን አሥር ጊዜ ያህል አነበብኩት። ምንም ሳትጠይቂኝ ደብዳቤ የጨረስሽው ከተወለድሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ቀድሞ አንድ ገጽ ሰላምታ፣ ሁለት ገጽ «ይላኩልኝ» ነበር። አሁን መድኃኒቱን እንኳ ተወው ትይኛለሽ። እኔ እድሜ ልኬን የሌላ መንግሥት ደብዳቤ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያልተጻፈውን ማንበብ ነው ሥራዬ።

የጥቁሩ ክር ገብቶኛል። አገር ሲያረጅ ጃርት ያበቅላል ይባል የለም? ግን የጠየቅኩሽን አልመለስሽልኝም። አምሳሉ ከከተማ የወጣው ወዴት ነው? ከዘመቻ ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም፤ እንደገና ላኩት? ወይስ ታሰረ? ታስሮ ከሆነ ንገሪኝ፤ የታሰረ ይፈታል፤ አባትም ካለ ደጅ ይጠናለታል። አንድ ቃል ራሱ ለምን አይጽፍልኝም? እምቢ ካለሽ የተናገረውን አንድ ነገር ጻፊልኝ፤ ተሳድቦም ከሆነ ስድቡን።

ደግሞ አንድ ነገር አድርጊልኝ። እዚህ አንድ ቻይናዊ ጫማ ሰሪ አለ፤ ሲሰራ ጫማ ሳይሆን ዕድሜ ነው የሚሰጥሽ። ባዶ እግሩን ወረቀት ላይ አቁመሽ፣ በእርሳስ ዙሪያውን አስነድፈሽ ላኪልኝ። ባለፈው የላክሁለት ሳይጠበው አልቀረም፤ በዚህ ዕድሜ እግር ያድጋል። ብመጣም ይዤው እመጣለሁ፤ ብቀርም በሰው እልከዋለሁ።

መልስሽን ሳላገኝ አልወስንም።

ወንድምሽ በድሉ

ልደታ፤ መጋቢት 22 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለክቡር ወንድሜ ለጋሼ በድሉ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃኑ ያድርስዎ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

በዚህ ሰሞን ቤት ለቤት ፍተሻ ነበር። በእኛም ገቡ፤ በጣም ጨዋ ነበሩ ልበልዎ። ሽሮውን ዘርግፈው፣ ፍራሹን ተርትረው፣ የአባባን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አውርደው «ይህ ፊውዳል ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። ባለ ካባው ፎቶግራፍዎ ግን ቀድሞ ተቃጥሏል፤ ደብዳቤዎችዎም እንዲሁ። ሲቃጠሉ ቴምብሮቹ ብቻ አሳዘኑኝ።

አምሳሉ አልታሰረም። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አልታሰረም። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ቀን ብቅ ብሎ ነበር። የተናገረውን ብለዋልና ልጻፍልዎ፤ «እዚያው ይሁን፣ አይምጣ፤ እኔ ነኝ የምሄደው» ብሏል። ከጠበቁት ይመጣል። የእግሩንም ልክ ይኸው ልኬልዎታለሁ፤ ቸኩሎ ስለነበር መስመሩ አላማረም።

ጋሼ፣ በእናታችን አጥንት ይዤዎታለሁ፤ አይምጡ። ሳሉ ቢለቅዎትም አይምጡ።

እኅትዎ ሙሉመቤት

ቦምቤይ፤ ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለሙሉመቤት፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። በዓሉን የዋልኩት እዚህ ካሉ የደቡብ ህንድ፣ የማላባር ክርስቲያኖች ጋር ነው። ቋንቋቸውን አልሰማሁም፤ «ሃሌ ሉያ» ሲሉ ግን አንድ ሆንን። ምሳውንም በሙዝ ቅጠል ላይ አቀረቡልኝ።

ደብዳቤሽና የእግሩ ልክ ደርሰውኛል። ጫማው ተሠርቷል፤ ጥቁር ነው፤ ሽታው ሣጥኑን ሞልቶታል።

እመጣለሁ። አትቆጪ። ለህንዳዊው ወዳጄ ነግሬው ተቃቅፈን ተለያየን፤ ሞኝ ነህ ብሎኛል። በአውሮፕላን ግባ ተብዬ ነበር፤ እኔ ግን በባሕር መርጫለሁ፤ ሠላሳ ዓመት የሰበሰብኩትን መጽሐፍና ወረቀት አውሮፕላን አይችለውም። ነገ በጭነት መርከብ ተሳፍሬ በዓደን በኩል ጅቡቲ እወርዳለሁ። ከዚያ በባቡር ነው። ወደ ውጭ የወጣሁትም በዚያው ሐዲድ ነበር፤ ያን ጊዜ አባባ ለገሃር ድረስ ሸኝተውኝ፣ «የመንግሥትን ምሥጢር ጠብቅ፣ ጥርስህንም ታጠብ» አሉኝ። ሁለቱንም አድርጌያለሁ።

ጅቡቲ የማርፈው ወይዘሮ ዙሃራ የምትባል የአገራችን ሰው ቤት ነው፤ ምግብ ቤት አላት፣ መንገደኛውን ሁሉ ታውቃለች። የምትነግሪኝ ነገር ካለ በእሷ ስም ላኪው። የምትነግሪኝ ነገር ካለ ብያለሁ።

ወንድምሽ በድሉ

ልደታ፤ ሚያዝያ 13 ቀን 1969 ዓ.ም.
(በቱሉ እጅ፤ ጅቡቲ ለወይዘሮ ዙሃራ፤ ለአቶ በድሉ የሚሰጥ)

ጋሼ፤

ሰላምታ የለኝም፤ ይቅር ይበሉኝ። የቦምቤይ ደብዳቤዎ ዛሬ ከቀትር በኋላ ደረሰኝ። ቱሉ ነገ ወደ ጅቡቲ በሚወርደው ባቡር ይሄዳል። ፖስታውን ከኮቱ ገበር ውስጥ ሰፍቼለታለሁ። ስለዚህ ማንም ሳያነብብኝ ለመጀመሪያ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

አይምጡ። እዚህ የሚጠብቅዎ ልጅ የለም። አምሳሉ የካቲት 5 ቀን ተገድሏል። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ በታች፣ መንገድ ዳር ጥለውት ነበር። አስከሬኑን አልሰጡንም። ያ የጻፍኩልዎ ቃል የእሱ አይደለም፤ የእኔ ነው። የእግር ልክ ብዬ የላክሁትም የእግሩ አይደለም፤ አልጋው ሥር የነበረውን አሮጌ ጫማውን ወረቀት ላይ አስቀምጬ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ዞርኩት። ስጨርስ እርሳሱን ቀርጬ ወደ ቦታው መለስኩት። እንዲህ ያለ ሰው ሆኛለሁ።

ደግሞ ይኸንንም ይወቁ። ተጋድሞ ሳየው ታውቂዋለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላውቀውም አልኩ።

መርዶ በወረቀት ስለነገርኩዎ ይርገሙኝ፤ እርግማንዎን በደስታ እቀበላለሁ፤ ብቻ ከወይዘሮ ዙሃራ ቤት ወዲህ አንድ እርምጃ እንዳይራመዱ። ዙሃራን «ያዢው፣ ብቻውን አታስነብቢው» ብዬ በቱሉ አፍ ልኬባታለሁ። በመጡበት መርከብ ይመለሱ። የአናርኪስት አባት ብለው ስምዎን ቀበሌው መዝግቦ ይዟል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ እኔ የፈራሁት ሁሉ ደርሶብኛል፤ እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩኝ።

ሙሉመቤት

ድሬዳዋ፤ ሚያዝያ 16 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለሙሉመቤት፤

ይኸው አገር ገባሁ፤ በጤና። ጅቡቲ ያደርኩት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ወይዘሮ ዙሃራ ሁለት ቀን ዐርፈህ ሂድ ብላ ለምናኝ ነበር፤ ደግ ሴት ናት። እኔ ግን ባቡሩን እያየሁ መቀመጥ አልሆነልኝም። ትናንት ድሬዳዋ ጣቢያ ስንገባ ከአዲስ አበባ የወረደው ባቡር ከጎናችን ቆሞ ነበር። ቱሉ ይኖርበት ይሆናል ብዬ በመስኮት አንገቴን ባወጣ ጊዜ የሰዉ ብዛት አላሳየኝ አለ፤ ወዲያውም ተንቀሳቀሰ።

ሣጥኖቼን ጉምሩክ እየፈተሸ ስለሆነ ሁለት ቀን እዘገያለሁ። ፈታሹ ልጅ የድሮ ፓስፖርቶቼን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ «ይህን ሁሉ አገር ምን ስትፈልግ ዞርክ?» አለኝ። ይህን የጠየቀኝ እሱ የመጀመሪያው አይደለም፤ መልሱን እኔም አላገኘሁትም።

ረቡዕ ለገሃር እደርሳለሁ። ይህ ደብዳቤ በነገው አውሮፕላን ይቀድመኛል። ጣቢያ ድረስ እንዳትመጪ፤ ቤት ጠብቂኝ። እትዬ ወለተሰንበትም ቢኖሩ ደስ ይለኛል። ሽማግሌ ግን አትሰብስቢብኝ፤ እኔና አንቺ እንበቃለን።

ወንድምሽ በድሉ

ሚያዝያ 29 ቀን 1969 ዓ.ም.
(ከስንቅ ጋር፤ በዘብ የታየ)

ለአቶ በድሉ ወልደገብርኤል፤

እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አምሳሉም ደህና ነው። ሽሮና ዳቦ፣ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ፎጣ ልኬያለሁ። የቆሸሸውን ልብስ ይላኩልኝ።

ሙሉመቤት

ግንቦት 6 ቀን 1969 ዓ.ም.
(በሸሚዝ አንገትጌ ውስጥ)

ሙሉዬ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ፊደሌ ያነሰው ወረቀቱ የሲጋራ መጠቅለያ ስለሆነ ነው። ሠላሳ ዓመት አርማ በታተመበት ወረቀት ስጽፍ ኖሬ አሁን እጄ ቁጠባ ተማረ።

ለገሃር ከባቡር ስወርድ ሁለት ሰዎች ስሜን ጠርተው «እንኳን ደህና መጡ» አሉኝ። ከመሥሪያ ቤት የተላኩ ተቀባዮች መስለውኝ ባርኔጣዬን አነሳሁ። ይህን ስትሰሚ እንደምትስቂ አውቃለሁ፤ ሳቂ። ልደታን ያየሁት ከመኪናው መስኮት ነው። ሱቅሽ ክፍት ነበር።

«አምሳሉ ደህና ነው» የሚለውን አሁን ተይው። ካወቅሁ ቆይቷል። ያንን የላክሽልኝን ልክ ለቻይናዊው ስሰጠው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና ሳቀ። ይህ የእግር ልክ አይደለም፣ የጫማ ልክ ነው አለኝ። ጣት የለውም። ተረከዙ በውጭ በኩል ተበልቷል፤ ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በውጭ በኩል ነው የሚረግጠው። ከዚያ ሰውየው ቀና ብሎ «እግሩስ የት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለሥራው ነው የጠየቀው፤ ክፋት የለበትም። በዚሁ ልክ ሥራው አልኩት።

እያወቅህ ለምን መጣህ ትይኛለሽ። ሙሉውን አላወቅሁም፤ ግማሹን ነው። ግማሽ መርዶ ደግሞ ተቀምጠው አያለቅሱትም፤ ተነስተው ይከተሉታል እንጂ። ዝምታሽ አላመጣኝም ብዬ አልዋሽሽም፤ አምጥቶኛል። ተቆጥቼሻለሁም፤ በአባባ ጊዜ ያስማልኩሽን ነው ያፈረስሽብኝ። ጽፈሽልኝ ቢሆን ምናልባት በዚያ በህንዳዊው ቤት መሬት ላይ ተቀምጬ አልቅሼ እቀር ነበር። ምናልባትም አልቀርም ነበር። አንቺ መርዶ በወረቀት አይነገርም ብለሽ ይሆናል፤ እኔም የልጄን ለቅሶ በወረቀት መድረስ አልሆነልኝም።

ሣጥኖቼን ወስደዋል። ጫማውን ግን በር ላይ ስንቅ የሚቀበለው ዘብ ነው ያደረገው፤ ሲፈትሸኝ ወደደው። ልኩ ሆኖለታል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሙሉውን መርዶ ስጪኝ። አትጻፊው። በመጪው ቅዳሜ ስንቅ ስታመጪ ጥቁር ለብሰሽ ነይ። ያለሁበት ክፍል የአጥሩን ቆርቆሮ ቀዳዳ ያሳያል፤ ወረፋው ከዚያ ይታያል። ጥቁር ለብሰሽ ካየሁሽ ተነገረኝ ማለት ነው። እዚህ አብረውኝ ያሉት ሰዎች ያውቃሉ፤ ስወድቅ ይይዙኛል።

በድሉ

ግንቦት 15 ቀን 1969 ዓ.ም.
(በንጹሕ ሸሚዝ አንገትጌ ውስጥ፤ ለቅዳሜ ስንቅ)

ለወንድሜ ለጋሼ በድሉ፤

እግዚአብሔር ያጽናዎ። ይህን ቃል ከየካቲት ጀምሮ አፌ ውስጥ ይዤው ነበር።

ቱሉ ከጅቡቲ ደብዳቤዬን ሳይከፈት መልሶልኛል፤ ወይዘሮ ዙሃራ አልቅሳ ነው የሰጠችው። በእርስዎና በደብዳቤው መካከል የነበረው የሁለት ባቡር መስኮት ነው፤ ቱሉ ይኸው እስከ ዛሬ ዓይኔን አያየኝም። ደብዳቤውን አቃጠልኩት። ከውስጡ አንድ ነገር ብቻ እዚህ ልድገመው፤ ሳልናገረው መኖር አልቻልኩም። የካቲት 5 ቀን ልጁ መንገድ ላይ ተጋድሞ፣ ታውቂዋለሽ ወይ ቢሉኝ አላውቀውም ብያለሁ።

ጥቁር ልብስ የሚሸጥ አልነበረም፤ ቢኖርም ሻጩ ስም ይጽፋል። ሰማያዊውን ቀሚሴን ጌጃ ሰፈር ላለች ቀለም ነካሪ ሰጠኋት። ምንም አልጠየቀችኝም። ስታስረክበኝ እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሮ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ብቻዬን እንዳልሆንኩ ገባኝ። እትዬ ወለተሰንበት ጥቁር ለብሼ ስወጣ ሲያዩኝ በሬ ላይ ቆመው ሊመልሱኝ ሞከሩ። ልጆች የሉሽም፣ ወንድምሽን ማን ያበላዋል፣ ብትታሰሪስ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ምሳ ዕቃውን ይዤ በጎናቸው አለፍኩ።

ወረፋው ላይ ሰዉ ከአጠገቤ ፈቀቅ አለ። ከኋላዬ የነበረች አንዲት ሴት ብቻ ቆየችና፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ስሟን አላወቅሁም። ተራዬ ሲደርስ ዘቡ ከላይ እስከ ታች አየኝ። እኔ ደግሞ እግሩን አየሁ። ጋሼ፣ ጥሩ ጫማ ነው። ቻይናዊው ሥራውን ያውቃል።

«ማን ሞቶብሽ ነው?» አለኝ።

«ልጄ» አልኩት። «አምሳሉ በድሉ ይባላል። ያደረግከው ጫማ ለእሱ የተሠራ ነው።»

ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ቀዳዳው ጋ እንዲደርስ። ዘቡ ወደ እግሩ አየ። ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሱ ግን ምሳ ዕቃውን ተቀብሎኝ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሲራመድ ጫማው ሲጮህ ይሰማኝ ነበር።

አይተውኝ እንደሆነ አላውቅም። ምሳ ዕቃው ግን ምግቡ ሳይነካ ነው የተመለሰልኝ። ከዘቡ ይሁን ከእርስዎ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። በለቅሶ ቤት የመጀመሪያ ቀን እህል አይበላም፤ እንደዚያ ነው ብዬ ይዤው ተመለስኩ። በመጪው ቅዳሜ ንፍሮ ይዤ እመጣለሁ።

ሙሉመቤት